መሬቱ ለምለም፣ ፍሬው የማይበላ
የጃፓኗ ሚናሚሶማ ከተማ የምታስተምረን



በዳምቦያ ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር ባደረግነው አንድ ስብሰባ ማብቂያ ላይ በዕድሜ የገፉ መምህር እጃቸውን አንሥተው፣ «አባ፣ በሬዲዮ የሚወራው ይህ ኑክሌር የሚባለው ነገር መብራት ነው ወይስ ቦምብ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጉባኤው ሳቀ። እኔ ግን ለመሳቅ አልደፈርኩም፤ ጥያቄው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረምና። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የህዳሴ ግድብ በተመረቀበት ዕለት አገራችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የመገንባት ዕቅድ እንዳላት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተገልጿል፤ በተከታዩም የመስከረም ወር ከሩስያ ጋር በሞስኮ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል።

በዚያን ዕለት ጊዜው መሽቶ ስለ ነበር ለመምህሩ ሙሉውን መልስ በጽሑፍ ለማቅረብ ቃል ገብቼ ተለያየን። ይህ ጽሑፍ ያንን ቃል የምፈጽምበት ነው። መልሱን በጥቅል ከማተት ይልቅ አንዲት ከተማን፣ የደረሰባትን መከራና ከመከራው በኋላ ያለውን ኑሮዋን መመልከት ይበጃል። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የተባሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ የቀሩት በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

፩. በዚያች ዕለት የሆነው

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2011) በጃፓን ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፣ ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ጠረፍ ወዲያ ባለው የባሕር ወለል ሥር መጠኑ 9.0 የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። መናወጡ የባሕሩን ውኃ አንሥቶ ሱናሚ የተባለውን ማዕበል ወደ የብስ ሰደደው። ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ከ2 ሺህ 500 በላይ የሚሆኑት ደግሞ አስከሬናቸው እንኳ አልተገኘም። በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር በባሕር ዳርቻ የምትገኘው ሚናሚሶማ የተባለችው ከተማ ብቻዋን ከ600 በላይ ነዋሪዎቿን በማዕበሉ አጣች።

ከከተማይቱ በስተደቡብ ስድስት ሪአክተሮች ያሉት «ፉኩሺማ ዳይቺ» የተባለ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነበር። በዕለቱ ሥራ ላይ የነበሩት ሦስቱ ርዕደ መሬቱ እንደ ተሰማ በተሠራላቸው ሥርዓት መሠረት ወዲያው ቆሙ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ግን ከፍታው 14 ሜትር ገደማ የሆነ ማዕበል መጥቶ የመከላከያውን ግንብ አልፎ ወደ ጣቢያው ገባ። ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መሥመር በርዕደ መሬቱ ተቋርጦ ነበር፤ ለክፉ ቀን የተዘጋጁት የናፍጣ ጄኔሬተሮችም አብዛኞቹ በምድር ቤት ስለ ነበሩ በውኃ ተዋጡ። ጣቢያው ጨለመ።

፪. የማይጠፋው ፍም

አንባቢ ሆይ፣ «ሪአክተሮቹ ከቆሙ ታዲያ አደጋው ከወዴት መጣ?» ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው።

የኑክሌር ነዳጅ ዩራኒየም ነው። አቶሙ ሲሰነጠቅ ሙቀት ይሰጣል፤ ሙቀቱ ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይኑን ያዞራል፤ ከዚያም የኤሌክትሪክ ኃይል ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ከግልገል ጊቤ ወይም ከዓባይ ግድብ የሚለየው ተርባይኑን የሚያዞረው ወራጅ ውኃ ሳይሆን እንፋሎት መሆኑ ብቻ ነው። ትልቁ ልዩነት የሚታየው እሳቱን ለማጥፋት ሲፈለግ ነው። እናቶቻችን ማታ እንጨቱን ከምድጃው ቢያወጡም ፍሙ በአመድ ውስጥ ሆኖ እስከ ንጋት እንደሚያድር ሁሉ፣ የኑክሌር ነዳጅም መሰንጠቁ ከቆመ በኋላ በውስጡ የተፈጠሩት ነገሮች ለወራትና ለዓመታት ሙቀት መስጠታቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ያለ ማቋረጥ በውኃ ማቀዝቀዝ ግድ ነው፤ ውኃውን የሚገፋው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነው።

በፉኩሺማ ፓምፑ ቆመ፤ ውኃው ተነነ፤ በሦስቱ ሪአክተሮች ውስጥ ያለው ነዳጅ ቀለጠ። ከጋለው ብረት የወጣው ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ መጋቢት 3፣ 5 እና 6 ቀን የሕንፃዎቹን ጣሪያ አፈነዳ። ይህ የአቶም ቦምብ ፍንዳታ አልነበረም፤ ነገር ግን ጨረር አመንጪ የሆነ ብናኝ ወደ አየርና ወደ ባሕር ወጣ። አደጋው እ.ኤ.አ. በ1986 በቸርኖቢል ከደረሰው ጋር በዓለም አቀፍ መለኪያ የመጨረሻው በሆነው በ7ኛ ደረጃ ተመደበ።

፫. ጨረር ምንድን ነው?

ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ አይዳሰስም። ከወጡት ብናኞች ሁለቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ጨረር አመንጪ አዮዲን ነው። አዮዲን በጨዋችን ውስጥ የሚጨመረው እንቅርትን ለመከላከል እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በአንገታችን ያለው ዕጢ አዮዲንን ይስባልና። ዕጢው ደጉን አዮዲን ከክፉው ለይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ነገር ግን በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል። ሁለተኛው ሴዚየም ነው፤ ከእርሱም አንደኛው ዓይነት በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ዛሬ መቶ እጅ ቢሆን ልጅ አድጎ ጎልማሳ ሲሆን ሃምሳ እጅ፣ የልጅ ልጅ ሲደርስም ሃያ አምስት እጅ ይቀራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጨረር ሁሉ ጠላት አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰር የሚታከመው በጨረር ነው። በቃሊቲም የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈውን ዝንብ ወንዶቹን በጨረር በማምከን ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለማጥፋት ሲሠራ ኖሯል። አገራችንም ሆነች ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በ1957 ከተመሠረተው የዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ጋር የቆዩ አባላት ናቸው። ፍርሃት ብቻውን ዕውቀት ሊሆን አይችልም።

፬. በሦስት የተከፈለችው ከተማ

ሚናሚሶማ ከአደጋው በፊት 71 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ነበሯት። የተቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2006 ኦዳካ፣ ሃራማቺ እና ካሺማ የተባሉ ሦስት አካባቢዎች ተዋሕደው ነው። መንግሥት ከጣቢያው 20 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ሕዝብ እንዲወጣ፣ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያለው ደግሞ ከቤቱ እንዳይወጣ ባዘዘ ጊዜ ሦስቱ እንደገና ተለያዩ። የኦዳካ ሰው ተሰደደ፤ የሃራማቺ ሰው ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ አብዛኛው የካሺማ ሰው ከመስመሩ ውጭ ሆነ። የጭነት መኪና ነጂዎች ጨረሩን ፈርተው ወደ ከተማይቱ መግባት ስላቆሙ ምግብና ነዳጅ አለቀ። ከንቲባው ካትሱኖቡ ሳኩራይ መጋቢት 15 ቀን በቪዲዮ ለዓለም ባሰሙት ልመና ሕዝባቸው በረሃብ ዳርቻ ላይ መሆኑን ገለጹ። በዚያን ሰሞን በከተማይቱ የቀረው ሰው ወደ 10 ሺህ ወርዶ ነበር።

የገበሬውን ሐዘን እናንተ ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። ሩዙ የሚዘራበት ማሳ፣ ግጦሹ፣ የአባቶች መቃብር ሁሉ በቦታው ነው። ሣሩ ለምልሟል። ሆኖም ከዚያ የሚበቅለው አይበላም። እንሰቱ ከደጅ ቆሞ ቆጮው እንዳይቀመስ የተከለከለበትን ቤት እናስብ።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ትዕግሥትን ያስተምራል። ሴዚየም ከላይኛው አፈር ጋር ስለሚጣበቅ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ተጠርጎ በጥቁር ከረጢት ታሰረ። ከፉኩሺማ ምድር በዚህ መልክ የተነሣው አፈር ወደ 14 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ በጣቢያው ዙሪያ በጊዜያዊነት ተከማችቷል፤ በሕግም እስከ 2045 እ.ኤ.አ. ከክፍለ ሀገሩ ውጭ እንዲወሰድ ተደንግጓል። ለም አፈር በአምስት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ገበሬ የዚህን ዋጋ ይረዳል። ሴዚየም ፖታሲየም ከተባለው የተክል ምግብ ጋር ስለሚመሳሰል ገበሬዎቹ ማሳቸውን የፖታሲየም ማዳበሪያ አጠገቡት፤ የጠገበ ተክል ክፉውን አይስብምና። ሌሎቹ ደግሞ የእኛን የጎመን ዘር የሚመስል ተክል ዘሩ፤ ሴዚየም ወደ ዘይቱ አያልፍም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለዓመታት የፉኩሺማ ሩዝ እያንዳንዱ ጆንያ በመሣሪያ ሲመረመር ቆይቷል፤ ከ2015 ወዲህም ከተወሰነው መጠን ያለፈ አልተገኘም። ደኑን ግን ሁሉ መጥረግ አልተቻለም፤ የዱር እንጉዳይ በብዙ ቦታ እንደ ተከለከለ ነው።

ወደ ኦዳካ መመለስ የተፈቀደው ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከአደጋው በፊት ወደ 13 ሺህ ከሚጠጉት ነዋሪዎች ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያ ይኖሩ የነበሩት ሲሶው ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ። ወጣቱ በሄደበት ሥራ ይዟል፤ ልጆቹም ሌላ ትምህርት ቤት ለምደዋል። ሆኖም ተስፋ አልጠፋም። ታዋቂዋ ደራሲ ዩ ሚሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ከተማይቱ መጥታ መኖር ጀመረች፤ በ2018ም በኦዳካ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የመጻሕፍት መደብር ከፈተች፤ ባቡር የሚጠብቁ ተማሪዎች መብራት ያለበት የሚቀመጡበት ቦታ አገኙ። ከሺህ ዓመት በላይ እንደቆየ የሚነገርለት የሶማ የፈረሰኞች በዓልም በአደጋው ዓመት እንኳ ጨርሶ አልተቋረጠም፤ በአነስተኛ ሥርዓት ተከብሯል።

፭. ከጨረር የከፋው ቁስል

የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ጉዳይ አጥኚ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ በነዋሪው ጤና ላይ በቀጥታ ከጨረሩ የመነጨ ጉዳት እንዳልተመዘገበ ገልጿል። ታዲያ ሕዝቡ አልተጎዳም ማለት ነውን? አይደለም። በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር በስደቱ ድካም፣ በሕክምና መቋረጥ፣ በሐዘንና ራስን በማጥፋት ምክንያት የሞቱት፣ «ከአደጋው ጋር የተያያዘ ሞት» ተብለው የተመዘገቡት ሰዎች ከ2 ሺህ 300 በላይ ናቸው፤ በዚያው ክፍለ ሀገር በማዕበሉ ከሞቱት ይበልጣሉ ማለት ነው። በጣቢያው አቅራቢያ ከነበረ አንድ ሆስፒታል በአውቶቡስ ለረጅም ሰዓታት ከተጓዙት ሕሙማን ከ40 የማያንሱት በመንገድና ከዚያ በኋላ ሞተዋል። እነዚህን የገደላቸው ብናኙ ሳይሆን ችኮላውና የዝግጅት ማነስ ነው።

ሁለተኛው ቁስል ጎረቤትን ከጎረቤት የለየው ነው። በመስመሩ ውስጥ ለነበረው በየወሩ የሚታሰብ ካሳ ሲከፈል፣ ከመስመሩ ማዶ ለነበረው ያነሰ ወይም ጨርሶ የሌለ ሆነ። እናት ልጆቿን ይዛ ልትርቅ ስትፈልግ አማት «እርሻው እንዴት ይጣላል?» አሉ። ሦስተኛው ደግሞ መገለል ነው። ከፉኩሺማ ወደ ዮኮሃማ ከተማ የተሰደደ አንድ ተማሪ በትምህርት ቤቱ «ጀርም» እየተባለ ይሰደብና ገንዘብ ይነጠቅ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታወቅ አገሩ ሁሉ አዘነ። ልጁ በማንም ላይ የሚጋባ ነገር አልነበረውም።

፮. ጥፋቱ የማዕበሉ ብቻ ነውን?

በዚህ ነጥብ ላይ ሁለት ጣቢያዎችን እናነጻጽር። የፉኩሺማው ጣቢያ ሲሠራ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ገደል ነበር። ለግንባታውና ውኃ ለመሳብ እንዲመች ተብሎ ወደ 10 ሜትር ገደማ ተቆርጦ ዝቅ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኩባንያው ባለሙያዎች ከ15 ሜትር የሚበልጥ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል አስልተው ነበር፤ ነገር ግን ግንቡ ከፍ አልተደረገም፤ ጄኔሬተሮቹም ከምድር ቤት አልወጡም።

ከፉኩሺማ በስተሰሜን ለርዕደ መሬቱ ማዕከል ይበልጥ የቀረበው ኦናጋዋ የተባለው ጣቢያ ግን ዳነ። ያኖሱኬ ሂራይ የተባሉ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ869 የደረሰውን ጥንታዊ ማዕበል ታሪክ በማስታወስ ጣቢያው ከ14 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ እንዲሠራ አጥብቀው ተከራክረው ነበር። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ዐረፉ፤ የክርክራቸው ፍሬ ከ25 ዓመት በኋላ ታየ። 13 ሜትር የሚያህለው ማዕበል በመጣ ጊዜ ውኃው ከጣቢያው ግርጌ ተመለሰ፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ከ300 በላይ ሰዎችም በጣቢያው ግቢ ተጠለሉ። ያው ባሕር፣ ያው ቀን፣ ያው የዕውቀት ደረጃ ሆኖ ሳለ አንደኛው ጣቢያ ሕዝቡን አሰደደ፤ ሌላው አስጠለለ።

የጃፓን ምክር ቤት ያቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 የደረሰበት መደምደሚያም አደጋው ሰው ሠራሽ ነው የሚል ነበር። ተቆጣጣሪው ከሚቆጣጠረው ጋር ተወዳጅቶ ነበርና።

፯. የቤተ ክርስቲያን ድምፅ

የጃፓን ካቶሊካውያን ጳጳሳት ጥቅምት 28 ቀን 2004 ዓ.ም. በአደጋው ከተጎዱት ክፍለ ሀገሮች በአንዱ በምትገኘው በሰንዳይ ከተማ ባወጡት መልእክት የኑክሌር ማመንጫዎች በአስቸኳይ እንዲዘጉ ጠየቁ። በመልእክቱ ውስጥ ልብ የሚነካው ነገር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ሳይሄዱ መቅረታቸውን ራሳቸው መግለጻቸው ነው። እረኛ ዘግይቻለሁ ሲል ሕዝቡ ይማራል።

ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ኅዳር 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በቶክዮ የአደጋውን ተጎጂዎች ባገኙ ጊዜ የጳጳሳቱን ሥጋት አስታውሰው፣ ቤትና መንገድ መጠገን ብቻ እንደማይበቃ፣ የተበጠሰው የሰዎች ትስስር ካልታደሰ ማገገም ሙሉ እንደማይሆን አስገንዝበዋል። ይሁንና አንድ ካቶሊካዊ ኑክሌርን ሁሉ እንዲቃወም የሚያስገድድ የእምነት አንቀጽ የለም። ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው በጥበብ እንድንመዝንና ድሃውንና ገና ያልተወለደውን ልጅ በሚዛኑ ላይ እንድናስቀምጥ ነው።

፰. ለእኛስ?

በመጀመሪያ፣ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በካራቆሬ የደረሰው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መናወጥም አሥር ሺዎችን አፈናቅሏል። ስለዚህ «ጣቢያው የት ይሠራል? የቦታውን ታሪክ ማን አጠና? ተቆጣጣሪው ከሠሪው የተለየ ነውን? ነዳጁ ካገለገለ በኋላ የት ያርፋል?» ብሎ መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም። በፉኩሺማ የቀለጠው ነዳጅ 880 ቶን ያህል እንደሚሆን ይገመታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወጣ የቻለው ግን አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ ነበር። ይህን እያወቁ መገንባት አንድ ነገር ነው፤ ሳያውቁ መገንባት ሌላ።

ሁለተኛ፣ የኦዳካ ሽማግሌዎች ኑሮ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በከምባታና በሐዲያ መንደሮች ልጆቻቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደውባቸው እንሰቱን ብቻቸውን የሚጠብቁ ወላጆች አሉ። እነዚህን ለመጎብኘት አደጋ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ «ጀርም» የተባለውን ልጅ ስናዝንለት ወደ ራሳችን ደጅ እንመልከት። በእኛም አካባቢ በሸክላ ሥራቸውና በቆዳ ፋቂነታቸው ምክንያት አብረናቸው ለመብላት የምንጠየፋቸው ቤተሰቦች አሉ። በአንድ መንበር እየቆረብን በአንድ ገበታ የማንቀርብ ከሆነ፣ የማይታይ ብናኝ የፈራው የዮኮሃማ ሕፃን ከእኛ ይሻላል፤ እርሱ ቢያንስ አላወቀም ነበር።

እንግዲህ ለተከበሩት መምህር መልሴ ይህ ነው። አባቴ፣ ነገሩ መብራትም ቦምብም ከመባል ይልቅ ፍም ቢባል ይሻለዋል። ፍም ቤት ያሞቃል፤ ቤትም ያቃጥላል። ልዩነቱ ሌሊቱን ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው ማንነት፣ አደጋ ባየ ጊዜም እውነቱን ለጎረቤት መናገሩ ነው። ነግ በእኔ የሚል ሕዝብ ዛሬ ይጠይቃል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

፩. የፉኩሺማና የኦናጋዋ ጣቢያዎች ዕጣ የተለያየው ለምንድን ነው? በእኛ መንደር ሽማግሌዎች ስለ ጎርፍ፣ ስለ መሬት መንሸራተት ወይም ስለ ርዕደ መሬት የሚያስታውሱት ምንድን ነው? ማን ጽፎ አስቀመጠው?

፪. ድንገት ከቤት መውጣት ቢያስፈልግ በቁምስናችን ያሉ ሕሙማንና አረጋውያን እነማን ናቸው? ማን ይሸከማቸዋል?

፫. ተፈናቅለው ወደ እኛ የመጡ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን የት ይቀመጣሉ? በሐዘን ቤትና በሠርግስ ከማን ጋር ይበላሉ?

፬. ልጆቻቸው በሩቅ አገር ያሉባቸውን ወላጆች በዚህ ሩብ ዓመት ለመጎብኘት እያንዳንዱ ቡድን የስንቱን ቤት ኃላፊነት ሊወስድ ይችላል?